የጆንግሌ ቦይ ክፍል አራት፦ መንኮራኩሩ ቆመ

ባለፈው ሳምንት ኮሎኔሉን ቦር ከተማ ላይ ትቼባችሁ ሄድኩ። አውቃለሁ፣ ተናዳችኋል። «ሰውዬው ከመንግሥት ጋር ነው ወይስ ከሸፈቱት ጋር? ይህቺን ብቻ ቢነግረን ምን ነበረበት?» ያላችሁ አላችሁ። ብነግራችሁ ኖሮ ዛሬ ትመጡ ነበር?

እንግዲህ ተቀመጡ። ዛሬ ሰውዬውም ይለያል፣ ማሽኑም ይቆማል። ግን በየተራቸው።

ያለፉትን ክፍሎች የዘለለ ካለ በአንድ ትንፋሽ ልንገረውና እንቀጥል። ነጭ ዓባይ ደቡብ ሱዳን ሲገባ ሱድ የሚባል፣ ዳር ድንበሩ የማይታይ ረግረግ ውስጥ ይበተናል። በደንገልና በቄጠማ መሐል ሲንገላወድ ከገባው ውሃ ግማሽ ያህሉ በፀሐይ ተንኖ ይቀራል። ሰር ዊልያም ጋርስቲን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1904 ይህን አይቶ ውሃው ረግረጉን ሳይነካ በጎን የሚያልፍበት ቦይ ይቆፈር አለ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ተኝቶ ቆየ። ግብፅና ሱዳን በ1952 ዓ.ም. የዓባይን ውሃ ለሁለት ሲከፋፈሉ (ውሃው ከየት እንደሚመነጭ ታውቃላችሁ፤ እኛን የጠየቀን ግን የለም) ነፍስ ዘራ። በ1966 ዓ.ም. ይቆፈር ተብሎ ተወሰነ። መጨረሻ ላይ የተያዘው መስመር ከቦር እስከ ሶባት ወንዝ አፍ 360 ኪሎ ሜትር ነበር። ወጪው እኩል፣ የሚተርፈውም ውሃ እኩል፤ በዓመት 4 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ገደማ።

የጁባውንስ ታስታውሳላችሁ? ጥቅምት 1967 ዓ.ም.፣ የግብፅ ገበሬ በሚሊዮን እየመጣ ቦዩ ዳር ሊሰፍር ነው የሚል ወሬ ከተማዋን አናወጣት። ተማሪው አደባባይ ወጣ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ ሰው ሞተ። የደቡቡ ክልል መንግሥት መሪ አቤል አሊየር በዚያ ሰሞን ሕዝባችንን በዱላ እየነዳንም ቢሆን ወደ ገነት እናስገባዋለን ማለቱን ሳወራችሁ፣ ያቺን ዱላ እንዳትረሷት ብዬ ለምኜ ነበር። አልረሳችኋትም አይደል? ዛሬ ትፈለጋለች።

አሁን ወደ ቦር።

ግንቦት 8 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ውስጥ 105ኛው ሻለቃ አለ። ወታደሮቹ አብዛኞቹ በድሮው ጦርነት ጊዜ የአኛኛ ሽምቅ ተዋጊዎች ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ስምምነት ሲፈረም ጫካውን ትተው ከመንግሥት ሠራዊት ጋር የተቀላቀሉ ናቸው። አሁን ትእዛዝ መጥቷል፦ ጠቅልላችሁ ወደ ሰሜን ተዛወሩ።

አንሄድም አሉ።

ለምን እንዳሉ ለመረዳት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ጠመንጃቸውን ይዘው እዚያው አገራቸው ላይ መቀመጣቸው ለስምምነቱ የነበራቸው ብቸኛ ዋስትና ነው። ሰሜን ከሄዱ ማን ለማን ይቆማል? በዚያ ላይ የደመወዝ ጭቅጭቅ ነበረ። ካርቱም አልታገሠችም፤ ጦር ላከች። የሻለቃው አዛዥ ኬሩቢኖ ኩዋኒን ቆሰለ። የቀሩት ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ጫካ ገቡ። ወደ ምሥራቅ ማለት ወዴት እንደሆነ ካርታ ላይ ጣታችሁን አስኪዱ፤ ጋምቤላ ያደርሳችኋል።

«ኮሎኔሉስ?»

መጣሁላችሁ! ኮሎኔል ጆን ጋራንግ ካርቱም ከሚገኘው የሠራዊቱ ጠቅላይ ሠፈር የመጣ ሰው ነው። መንግሥት እንደ ራሱ መኮንን ነበር የሚያየው። ቦር ደግሞ የትውልድ አካባቢው ስለሆነ ብቅ ማለቱ ማንንም አላስገረመም። ተኩሱ በርዶ ካርቱም ሰዎቿን ስትቆጥር ግን ኮሎኔሉ የለም። እሱም ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሯል።

የሳምንቱ ጥያቄ ተመለሰላችሁ፤ ከሸፈቱት ጋር ነው። ግን ቆዩ፣ አትነሡ። ባለፈው ሳምንት ሆን ብዬ የደበቅኋችሁ አንድ ነገር አለ።

ይህ ሰው ዝም ብሎ ወታደር አይደለም። ዶክተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ከሚገኘው አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረጉን በኢኮኖሚክስ ወስዷል። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ምን ይመስላችኋል? ስለ በቆሎ ዋጋ? ስለ ዶላር ምንዛሪ?

ስለ ጆንግሌ ነው!

እውነቴን ነው። ቦዩ የሚያልፍበት አካባቢ ሕዝብ በምን ዓይነት የገጠር ልማት ስልት ከድህነት ይወጣል የሚለውን ነበር የመረመረው። እየተቆፈረ ያለው ቦይ፣ እዚያው ቦይ ዳር የተወለደ ልጅ አለው፤ ልጁ ስለዚያው ቦይ ዶክትሬት ጽፏል፤ አሁን ደግሞ ጠመንጃ ይዞ ጫካ ገብቷል። ይህን ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው «አበዛኸው» ትሉት ነበር።

ጋራንግ ቦዩን ገና ከጅምሩ የጠላ ሰው አልነበረም። የጥናቱ ጥያቄ የሚቆፈረው ለማን ነው የሚል ነው። ለሕዝቡ የተዘጋጀው ድርሻ ጥቂት ጉድጓድ ውሃ፣ ጥቂት ክሊኒክ፣ ጥቂት ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ያ ሕዝብ እዚያው ድህነቱ ውስጥ ትንሽ ተደላድሎ ይቀመጣል እንጂ ከድህነቱ አይወጣም ባይ ነበር። ውሃው ሰሜን ወርዶ የሌላውን እርሻ ያጠጣል፤ ባለ መሬቱ ዳር ቆሞ ያያል። እኔ እንደማምነው ጆንግሌን ማሽን የማይፈታው ችግር ውስጥ የከተተው ይኸው ጥያቄ ነው። ካይሮም ካርቱምም ስለ ውሃው መጠን እስከ ነጥቡ ድረስ ተነጋግረዋል። ባለ ከብቱን ግን ጠርቶ አስቀምጦ ያናገረው አልነበረም።

እስቲ ማሽኑ ጋ እንውረድ፤ ናፍቋችኋል።

ባለፈው እንደነገርኳችሁ ማሽኑ ጀርመን የተሠራ ነው። መጀመሪያ ፓኪስታን ውስጥ የመስኖ ቦይ ቆፍሯል። ከዚያ ብሎን በብሎን ተፈታትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ሶባት ወንዝ አፍ ላይ እንደገና ተገጣጠመ። ክብደቱ ከ2,000 ቶን በላይ ነው። ፊቱ ላይ ግዙፍ መንኮራኩር አለው፤ በመንኮራኩሩ ዙሪያ የብረት ባልዲዎች ተደርድረዋል። መንኮራኩሩ ሲዞር ባልዲዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተከታተሉ መሬቱን ይገምጡታል፤ አፈሩ በማጓጓዣ ቀበቶ ወጥቶ ዳር ይቆለላል። የሚያንቀሳቅሰው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ሥራው ሰኔ 1970 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦር።

አፈሩ ዋልካ ነው። ዋልካ የምታውቁ ገበሬዎች አሁን ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። በበጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ ጫማ ይዞ ያስቀራል። የፓኪስታንን ልል አፈር የለመደ ባልዲ ይህን ሲነክስ ጭቃው ከብረቱ አልላቀቅ አለ። መሐንዲሶቹ ለፉ፣ አስተካከሉ፣ ማሽኑም አገሩን ለመደ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው? አምስት ዓመት ሙሉ ገመጠ። ኋላው ላይ ወርዱ 50 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ቀጥ ያለ ገደል እየተወ ሄደ።

አሁን አንድ የዲንቃ እረኛ አስቡልኝ። ስም አልሰጠውም፤ ብዙ ነውና። ክረምቱን ከፍ ያለው መሬት ላይ፣ መንደሩ ውስጥ አሳልፏል። በጋው ሲጠና፣ ጉድጓዱ ሲነጥፍ፣ እንደ አባቱና እንደ አያቱ ከብቱን ወደ ምዕራብ ይነዳል። ወንዙ የሸሸበት መስክ ላይ ሣር አለ፤ ለዚያ ሣር ነው ዓመቱን የሚጠብቀው። ዘንድሮ ግን መንገዱ መሐል ላይ ቁልል አፈር አገኘ። ወጣበት። ከቁልሉ ማዶ ገደሉ ተዘርግቷል። ፊት ፊት የምትሄደው ላም ቆመች፤ ኋላ ያሉት ይገፏታል።

ድልድይ ነበር የተባለው። ለከብት መሻገሪያ፣ ለዱር እንስሳት ማለፊያ፣ ከቦዩ ጎን ለጎን ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ፣ የመስኖ እርሻ። ይህ ሁሉ ተስፋ ነበር። ቁፋሮው በማሽን ፍጥነት ሄደ፤ ድልድዩና እርሻው ግን በቢሮ ፍጥነት። ያቺን ዱላ አስታወሳችኋት? ሰውን ወደ ገነት የምትነዳዋን? ዱላዋ ቀድማ ደረሰች፤ ገነቱ ገና መንገድ ላይ ነው።

ግንቦት 28 ቀን 1975 ዓ.ም.። ቦር ላይ የተተኮሰው ጥይት ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላው። ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ ደቡቡን በአንድ ትእዛዝ ለሦስት ክልል ሰነጠቀው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምባችሁ፤ ለእኔ የታሪኩ ወገብ እዚህ ነው የተሰበረው። የአዲስ አበባው ስምምነት የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ዘመን፣ እዚሁ ከተማችን ተፈርሞ ነበር። 17 ዓመት የቆየውን ጦርነት ያቆመው እሱ ነው። ደቡቡ አንድ ክልል፣ አንድ ምክር ቤት፣ አንድ መንግሥት የሆነው በእሱ ነው። ማሽኑ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ በሰላም ሊቆፍር የቻለውም በእሱ ነው። ስምምነቱን ያጸደቁት ኒሜሪ፣ ስምምነቱን ቀደዱት። አዲስ ዓመታችን ሊገባ ሲል ደግሞ የሸሪዓ ሕግ በመላው አገር ታወጀ። በዚያ ላይ ቤንቲዩ አካባቢ የተገኘው ነዳጅ አለ፤ ማጣሪያው ሰሜን ይተከል መባሉ ደቡቡን አስቆጥቷል። ነዳጁም ወደ ሰሜን፣ ውሃውም ወደ ሰሜን፣ ወታደሩም ወደ ሰሜን። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር?

በዚያው ሰሞን የአዮድ ጦር ሠፈርም ሸፈተ። አዮድ የት ነው? ቦዩ መስመር ላይ! እሳቱ ወደ ማሽኑ እየተጠጋ ነው። ማሽኑ አልሰማም፤ መዞሩን ቀጥሏል።

በዚህ መሐል ጋምቤላ ውስጥ፣ ኢታንግ አካባቢ፣ ነገር እየተቦካ ነው። ደርግ ለእንግዶቹ በሩን የከፈተላቸው ለጽድቅ ብሎ አልነበረም። ኒሜሪ የኤርትራንና የትግራይን አማፂዎች ሲያስጠጉ ኖረዋል፤ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደግሞ አጸፋውን የሚመልሱበት ሰው አገኙ። ስደተኞቹ እርስ በርሳቸው ማን ይምራ በሚል ተፋጠጡ። ሽማግሌዎቹ የአኛኛ ፖለቲከኞች መሪነቱ ለእኛ ይገባል አሉ። ጥሉ ኋላ ደም አፋስሷል፤ እሱ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም። አሸንፎ የወጣው ኮሎኔሉ ነው። የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ሠራዊት፣ በአጭሩ ኤስፒኤልኤ፣ ተወለደ። ገና ከመወለዱ ሁለት ነገር ይቁም አለ፦ ነዳጁ እና ቦዩ።

«ባለ ዶክትሬቱ? ስለ ቦዩ የጻፈው?»

አዎ፣ እሱው ራሱ። ቦዩን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው፣ ይቁም ያለው ሰው ሆነ። ቦዩ መቆሙ ካርቱምን የት ላይ እንደሚያማት፣ ካይሮንም የት ላይ እንደሚያማት ጠንቅቆ ያውቃል።

ኅዳር 1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምልክት መጣ። ታጣቂዎች የኩባንያውን ሠራተኞች ይዘው ወሰዱ። ለቀቋቸው፤ ግን ከማስጠንቀቂያ ጋር፦ ሥራችሁን አቁሙ። ኩባንያው ምን ያድርግ? ውል አለው። ካርቱም አይዟችሁ ትላለች። ካይሮ ውሃዋን ትጠብቃለች። ከ360ው ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ240 በላይ ተቆፍሯል። ትንሽ ነው የቀረው! እዚህ ደርሶ ማን ያቆማል?

ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሌሊት የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሠራተኛው ምን እያሰበ እንደሚያድር እናንተው ገምቱት።

ጥር ሊያልቅ ሲል ሌላ መርዶ ተሰማ። በምዕራብ በኩል፣ ቤንቲዩ አጠገብ፣ የአሜሪካው ነዳጅ ኩባንያ የቼቭሮን ካምፕ ተመታ፤ ሦስት ሠራተኞች ተገደሉ። ቼቭሮን ሥራውን አቋረጠ። አንደኛው ቆመ ማለት ነው። ሁለተኛው ቀርቷል።

ሁለተኛው ሳምንት ያህል ነው የቆየው። የካቲት 1976 ዓ.ም. ገና እንደገባ ኤስፒኤልኤ ሶባት ወንዝ አፍ ላይ ያለውን የቦዩን ዋና ካምፕ አጠቃ። የውጭ አገር ሠራተኞች ታገቱ። ኩባንያው ከዚህ በላይ አልቆየም፤ ሰዎቹን ሰብስቦ ወጣ።

መንኮራኩሩ ቆመ።

ቁፋሮው ሲቆም ቦር ለመድረስ የቀረው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 70 ዓመት የታሰበበት፣ ሁለት መንግሥት የፈረመበት ሥራ በአንድ ጥቃት ተዘጋ። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ጠመንጃ አቆመው ይላል። እኔ አልስማማም። ጠመንጃው የመጨረሻው ነው። ቦዩን ያቆመው ግንቦት 28 ቀን የተቀደደው ወረቀት ነው፤ ከዚያም በፊት ጁባ ላይ ለሚጮኸው ተማሪ በጥይት የተሰጠው መልስ ነው።

«ከቆመማ እረኛው ተገላገለ!»

ወይ ተገላገለ! ገደሉ እኮ አልተነሣም። የተቆፈረው እንደ ተቆፈረ ቀረ፤ ድልድዩን የሚሠራ ኩባንያ ግን የለም። ወንዝ አልገባበትም፤ ዝናብ ይጠራቀምበታል፣ አረም ያበቅላል። ከብት ይገባበታል፣ መውጫው ገደል ነው። ቲያንግ የሚባለው የቆርኬ ዘመድ በየዓመቱ በመንጋ የሚጓዝበት ጥንታዊ መንገድ ለሁለት ተቆርጦ ቀረ። እየተጋፋ ገብቶ መውጣት አቅቶት ያለቀው እንስሳ ብዙ ነው። ሥራው ቢያልቅ ይመጣ የነበረው ጥቅም ቀረ፣ ጉዳቱ ግን ተሟልቶ ደረሰ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ያልተጠየቀው ሰው ሲቆፈርም ከፈለ፣ ሲቆምም ከፈለ።

ማሽኑስ? እዚያው ሜዳ ላይ፣ የመጨረሻውን ጉርሻ በገመጠበት ቦታ ቀረ። ሊፈታው የመጣ የለም።

አሁን ሃያ አንድ ዓመት ልዝለልባችሁ ነው፤ ያዙኝ። መጋቢት 28 ቀን 1977 ዓ.ም. ኒሜሪ ከአገር ውጭ ሳሉ ወንበራቸውን ተነጠቁ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀና ኤስፒኤልኤ የኢትዮጵያ መጠለያውን አጣ። ረሃብ መጣ፣ ጎሳ ከጎሳ ተፋጀ፣ ሚሊዮኖች ተሰደዱ። ጦርነቱ ሁሉንም በላ፤ ስለ ቦይ የሚያስብ አልነበረም።

በመጨረሻ ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ሰላም ተፈረመ። በዚያው ዓመት ሐምሌ መግቢያ ላይ ጋራንግ ካርቱም ገባ። ሊቀበለው የወጣውን ሕዝብ ያየ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። ከቦር ወደ ጫካ የገባው ኮሎኔል የመላው ሱዳን አንደኛ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ የደቡቡም መሪ ሆኖ ማለ።

አያችሁ ምን እንደተፈጠረ? ስለ ጆንግሌ ዶክትሬቱን የሠራው ሰው፣ ጆንግሌን በጠመንጃ ያስቆመው ሰው፣ አሁን ስለ ጆንግሌ መወሰን የሚችልበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቦዩ ለማን ነው ብሎ ወረቀት ላይ የጠየቀውን ጥያቄ ራሱ ሊመልሰው ነው! ካይሮ ጆሮዋን አቁማለች።

ወንበሩ ላይ ሦስት ሳምንት ቆየ።

ሐምሌ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ጋራንግ ኡጋንዳ ነበር፤ ከፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ጋር ተገናኝቶ ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው። የቀረበለት የሙሴቬኒ የራሳቸው ሄሊኮፕተር ነው። ገባ። በሩ ተዘጋ።

የምታውቁ ዝም በሉ! ለማያውቀው አትንገሩበት።

ይልቅ ሁላችሁንም የሚያከራክር ነገር ልተውላችሁ። ከዓመታት በኋላ፣ ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ሆና ባንዲራዋን ከሰቀለች ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ባለሥልጣን ተነሥቶ ያ ቁፋሮ ይቀጥል አለ። ካይሮ ውስጥ እንዳይመስላችሁ። ካርቱምም አይደለም። ጁባ ውስጥ ነው፤ ሰውዬውም ከዚያው ከጋራንግ ትግል የወጣ ነው።

ማን ነው? ምን አይቶ ነው እንዲህ ያለው? እምቢ ብሎ ከፊቱ የቆመውስ ማን ነው?

ሳምንት።